ፊልሙ እንዲያልቅ የተነሱ ፎቶዎች

በየቤታችን ሁለት ዓይነት ፎቶ አለ። አንደኛው ሳሎን ተሰቅሏል፤ አባት ኮት ለብሶ፣ እናት ነጭ ቀሚሷን አድርጋ፣ ልጆች በቁመት ተደርድረው፣ ማንም ሳይስቅ። ሁለተኛው ቁም ሣጥን ላይ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው ያለው፤ አንዱ ጀርባውን ሰጥቷል፣ አንዷ እያወራች አፏ ተከፍቷል፣ ጥጉ ላይ ያንሺው ጣት ገብቷል። የምንጽፈው ስለዚህኛው ነው።

ወላጆቻችን ፎቶ የሚያውቁት በፎቶ ቤት ወግ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እንደ ቤድሮስ ቦያጂያን ያሉ አርመኖች ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ቤተ መንግሥቱን ሲያነሱ፣ ኋላም ፎቶ ቤት በየከተማው ሲከፈት፣ ፎቶ መነሳት ማለት ቀጥ ብሎ መቆም ሆነ። ከጎንደር ገጠር ለመጣ ሰው ደግሞ ፎቶ ራሱ ብርቅ ነበር። ስለዚህ «ምነው ሳልዘጋጅ አነሳኸኝ!» የምር ቅሬታ ነው፤ እናቶቻችን ዛሬም ይሉታል።

ሌሎች ግን ሳንዘጋጅ አንስተውናል። በሜይ 1991 በሰሎሞን ዘመቻ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ሲመጣ ጋዜጠኞች ያነሷቸው ፎቶዎች ዓለምን ዞሩ። ግንባር ላይ የተለጠፈው ቁጥር ቁልጭ ብሎ ይነበባል፤ የሰውየው ስም ግን ብዙ ጊዜ ከፎቶው ሥር የለም።

ካሜራው ወደ እኛ እጅ የገባው በትንንሾቹ ማሽኖች ነው። ላይካ ከ1925 ጀምሮ የመንገድ ፎቶን ቀላል ቢያደርገውም ርቀትና ብርሃን ማስላት ይፈልግ ነበር። በ1977 ኮኒካ ርቀቱን ራሱ ለክቶ ምስሉን የሚያጠራ ካሜራ አወጣ። በ1986 ፉጂ አንድ ጊዜ ተነስቶበት የሚጣለውን አመጣ። ኦሊምፐስ ሚዩ የተባለችው ኪስ የምትገባ ካሜራ ደግሞ በዚያው በ1991 ወጣች። ከካራቫን ሰፈር ወጥተን በገዴራ፣ በያቭኔና በቅርያት መላኺ ቤት ስንገዛ ታላላቆቻችን እንዲህ ያለ ካሜራ ይዘው ነበር።

ፊልሙ 24 ወይም 36 ነው። ማሳጠቢያው ገንዘብ ነው፤ ስለዚህ ለሠርግ፣ ለባር ሚጽቫ፣ ለስግድ ይቆጠባል። ግን ሳያልቅ ማሳጠብ ያስቆጫል፤ ሦስት አራት ሲቀር «በል ጨርሰው» ይባላል። ያኔ ነው አያታችን በረንዳ ላይ ምስር ስትለቅም፣ ወታደሩ ዓርብ ከፌርማታ ሲመጣ፣ ነጠላ የለበሱት ሴቶች ከሕንፃው ሥር አግዳሚው ላይ ሲያወጉ የተነሱት። የሠርጉ ፎቶ ከሌላው ሠርግ አይለይም። የሸኩናችን ታሪክ ያለው በነዚህ በመጨረሻዎቹ ላይ ነው ብንል አልተጋነነም።

በጃንዋሪ 2012 በቅርያት መላኺ የአንዳንድ ሕንፃ ነዋሪዎች ቤታቸውን ለኢትዮጵያውያን ላለመሸጥና ላለማከራየት መስማማታቸው ሲሰማ ሺዎች ሰልፍ ወጡ። ዛሬ የከተማችን ስም ከኛ ጋር ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚወጣው የዚያ ቀን ፎቶ ነው። ሰልፉ ተገቢ ነበር፤ ግን በነዚያ ደረጃዎች ላይ ለዓመታት እንዴት እንደኖርን ጋዜጣው አላነሳም። ያ ያለው ቆርቆሮው ውስጥ ነው።

ችግሩ ስም የሚያውቁት እያለፉ መሆኑ ነው። ጥጉ ላይ ያለውን ቀይ ቀን ሁልጊዜ አትመኑት፤ ባትሪ ሲቀየር ሰዓቱን ያላስተካከለ ብዙ ነው። እማማን ጠይቁና ስሙን በእርሳስ በስሱ ጀርባው ላይ ጻፉ። ከሚያጣብቀው አልበም ቀስ ብላችሁ አውጡት፤ ሙጫው ፎቶውን ያበላሻል። በአደባባይ ከማውጣታችሁ በፊት ደግሞ ባለቤቱን አስፈቅዱ። የ1981ዱ የግል ሕይወት ጥበቃ ሕግ ሰውን የሚያዋርድ ፎቶ ማሳተምን ይከለክላል፤ ከሕጉም በፊት ነውር ነው።

ኔጌቲቩንም አትጣሉ። ፎቶ ቤቱ ደብዝዟል ብሎ ያላተመው አንዳንዴ እዚያ ላይ አለ፤ ሌላ ቦታ ፎቶ የሌለው ሰው ሊሆን ይችላል።