ከጽዱ ስር ያለችው እንሶስላ

ስለ መናገሻ ስናወራ ነገሥታቱና ትልልቆቹ ዛፎች ይቀድማሉ። እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው በወጨጫ ተራራ አስተከሉ ይባላል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ደግሞ፣ በ1890ዎቹ፣ ባህር ዛፍ ከውጭ ገብቶ የአዲስ አበባን የማገዶ ችግር አቃለለ። ጽዱን ንጉሥ ተከለው እንበል፤ ጥላ ስር የምትበቅለውን አበባስ ማን ጠበቃት?

እንሶስላን እንውሰድ። ጥላና እርጥብ አፈር የምትወድ የደጋ አበባ ናት። ክረምት ሲገባ ከወፍራም ሥሯ ታቆጠቁጣለች፤ ጉሮሮዋ ሐምራዊ የሆነ ነጭ አበባ ታወጣለች፤ መዓዛዋም ሲመሽ ይበረታል። እናቶቻችን ግን የሚፈልጉት ሥሯን ነበር። ለሠርግና ለበዓል ወቅጠው እጅና እግራቸው ላይ ያደርጉትና በቅጠል ጠቅልለው እንሶስላ ሲሞቁ ያድራሉ።

ፈረንሳዊው የዕጽዋት ሊቅ አሺል ሪሻር በ1847 የሳይንስ ስም ሲያወጣላት “ቲንክቶሪያ” አላት፤ የማቅለሚያ ማለት ነው። የሴቶቻችን ሙያ በላቲን ተመዘገበ፤ የሴቶቹ ስም ግን የትም የለም። ለእኛ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው። ሥሩን የምትቆፍር ሴት ከፊሉን መልሳ ካልቀበረች ለከርሞ አታገኝም። ስለዚህ የጓሮዋ እንሶስላ በአዋጅ ሳይሆን በዚህች ትንሽ ልማድ ኖረች።

አሁን ልማዱን የጥፍር ቀለምና ሂና እየተኩት ነው። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ስር የተጠቃለሉት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታም ቤት በቤት እየሆኑ ነው፤ ግቢው ሲሚንቶ ሲለብስ ሥር የሚቀበርበት አፈር ይጠፋል።

እኛስ ምን እናድርግ? ከደን ነቅለን አናምጣ፤ ጓሮዋ ያላት ጎረቤት ካለች ቁራጭ ሥር እንለምናት። ዝናቡ ሳይገባ፣ ከቤቱ ጥላ በኩል፣ ፍግ በተቀላቀለበት ልል አፈር እንቅበረው። ባህር ዛፍ ስር ግን አይሆንም፤ ውሃውን ይሻማታል። በበጋ ግንዷ ሲደርቅ ሞተች ብለን አንጣላት። ሥሯ ከመሬት በታች ክረምትን እየጠበቀ ነው።

ለጽዱ ንጉሥ ነበረው። ለእንሶስላ ያለናት እኛው ነን።