ትክክለኛ ስሌት፣ የተበላ ገንዘብ፦ የዕድል ስሌት አጭር ታሪክ



ተወልጄ ባደግሁበት በካምባ የሚኖሩ አንድ አባት በሬ ሸጠው ለልጃቸው ገንዘብ ላኩ። ልጁ በኢንተርኔት ፖከርና በስፖርት ውርርድ ጨረሰው። ትምህርቱን ሊያቋርጥ ሲል ቢሮዬ መጥቶ፣ «መምህር፣ በግምት አልተጫወትሁም፤ ስልኬ ላይ የዕድል ማስያ አለ» አለኝ። የፕሮባቢሊቲ ኮርሱን በከፍተኛ ውጤት ያለፈ ልጅ ነው። ስሌቱን አብረን አየነው፤ ስህተት አላገኘንበትም። ታዲያ ገንዘቡ የት ገባ? መልሱን ከታሪክ እንፈልግ።

እ.ኤ.አ. በ1654 ፈረንሳውያኑ ብሌዝ ፓስካልና ፒየር ደ ፌርማ ስለ አንድ የክፍፍል ጥያቄ ደብዳቤ ተጻጻፉ። ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው 32 የወርቅ ሳንቲም መድበው፣ ቀድሞ ሦስት ጊዜ ያሸነፈ ሁሉንም እንዲወስድ ተስማሙ። አንዱ ሁለት፣ ሌላው አንድ ጊዜ እንዳሸነፉ ጨዋታው ቢቋረጥ 64ቱ ሳንቲም እንዴት ይከፈል? መሪው ቀጣዩን ዙር ቢያሸንፍ 64ቱን ይወስዳል፤ ቢሸነፍ እኩል ሆነው 32 ይደርሰዋል። እንግዲህ 32ቱ በየትኛውም መንገድ የእርሱ ነው፤ የቀረው 32 እኩል ይከፈላል። ለመሪው 48፣ ለሌላው 16 ደረሰ።

ለጋሞ ልጅ ይህ የዱቡሻ ጉዳይ ነው። ሁለቱም ወገኖች በአደባባይ ይሰማሉ፤ ሽማግሌዎችም ለእያንዳንዱ የሚገባውን ይለያሉ። የዕድል ስሌት የተወለደው ከእንዲህ ያለ የፍትሕ ጥያቄ ነው።

ከሦስት ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1946 እ.ኤ.አ.፣ ስታኒስላው ኡላም ከሕመም እያገገመ ለብቻው ካርታ ሲጫወት፣ ጨዋታውን ደጋግሞ በመሞከር ዕድሉን መገመት እንደሚቻል አሰበ። ሐሳቡን ከጆን ፎን ኖይማን ጋር ለኒውክሌር ምርምር አዋሉት፤ ስሙም ከሞናኮው የቁማር ሰፈር ተወስዶ «ሞንቴ ካርሎ» ተባለ። የዛሬው የፖከር ማስያም ወይ የቀሩትን ካርታዎች አንድ በአንድ ይቆጥራል፣ ወይ በዚሁ ዘዴ ይገምታል። ለምሳሌ ተጫዋቹ አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው አራት ካርታዎች ቢኖሩትና ሁለት ካርታ ቢቀር፣ አምስተኛውን የማግኘት ዕድሉ 35 በመቶ ያህል ነው። ቁጥሩ እውነት ነው። ነገር ግን ተጋጣሚውም ያንኑ ማስያ ይዟል፤ አጫዋቹ ድርጅት ደግሞ ከተመደበው ገንዘብ ድርሻውን ይቆርጣል። እኩል ችሎታ ያላቸው ሁለት ሰዎች ረጅም ጊዜ ቢጫወቱ፣ በዚህ ቁርጥ ምክንያት ሁለቱም ይከስራሉ።

በአገራችን ብሔራዊ ሎተሪ ከተቋቋመ ከ1954 ዓ.ም. ወዲህ ዕድልን በቲኬት መግዛት የተለመደ ነው። ኋላም ቤቲንግ በየከተማው ተስፋፋ። በዚያ ማስያው ከእኛ በፊት ሥራውን ጨርሷል፤ የተለጠፈው ኦድ ራሱ የአጫዋቹ ስሌት ነውና። እኩል የማሸነፍ ዕድል ላላቸው ሁለት ወገኖች 1.90፣ 1.90 ተሰጠ እንበል። በ100 ብር በአማካይ የሚመለሰው 95 ብር ነው። እንዲህ ያሉ አሥር ግጥሚያዎች በአንድ ቲኬት ሲያያዙ፣ 100 ብር ከ61 ሺህ ብር በላይ እንደሚያስገኝ ይነገረናል። ሁሉም የመሳካታቸው ዕድል ግን ከ1,024 አንድ ነው። ቁርጡም በየግጥሚያው እየተባዛ ስለሚሄድ፣ አማካዩ ተመላሽ ወደ 60 ብር ይወርዳል።

የልጁ ገንዘብ የገባው እዚህ ነው። ማስያው «ምን ያህል ዕድል አለኝ?» ለሚለው በትክክል መለሰለት፤ «ከየመደቡ ማን ይቆርጣል?» ብሎ ግን አልጠየቀውም። እኛም አላስተማርነውም። ፓስካልና ፌርማ የተጻጻፉበትን፣ ለማን ምን ይገባል የሚለውን ትተን፣ ቀመሩን ብቻ ለፈተና አስጠንተነዋል። ወቀሳው እኔንም ይነካል።

ልጁ ትምህርቱን አላቋረጠም። ክረምት ላይ ካምባ ሄዶ ነገሩን ለአባቱ በገዛ አንደበቱ ነገራቸው። አባቱም የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ እንደ ነበር አጫወተኝ፦ «በሬዬን የበላው ማን ነው?» በመማሪያ ክፍሎቻችን መጠየቅ የነበረበት ይህ ጥያቄ ነው።