ጎተራ

ጎተራ በምሥራቅ ጎጃም በቢቸና፣ በሞጣና በአምበር አካባቢ እንደሚታየው፣ ገበሬ ለዓመት ቀለብ፣ ለዘርና ለክፉ ቀን እህል የሚያኖርበት ማከማቻ ነው። ከእንጨት ተሠርቶ በጭቃ ይመረጋል፣ በእበት ይለቀለቃል፤ እርጥበት እንዳይነካው ከመሬት ከፍ ተደርጎ በሣር ክዳን ይሸፈናል። በቤት ውስጥ የሚቀመጠው ከጭቃ የተሠራ አነስተኛ ዕቃ ጎታ ይባላል። የምሥራቅ ጎጃም ዋና ሰብል ጤፍ ነቀዝ ስለማይደፍረው ለረጅም ቆይታ ይመረጣል፤ በቆሎ ግን ቶሎ ይነቅዛል። ለልማዱ ሃይማኖታዊ አብነት ሆኖ የሚጠቀሰው፣ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 41 ዮሴፍ በ7ቱ የጥጋብ ዓመታት ለ7ቱ የረኃብ ዓመታት እህል ማከማቸቱ ነው። የጎተራ አቅም ወሰን ግን ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በዘለቀውና ክፉ ቀን በተባለው ረኃብ ታይቷል፤ የደስታ በሽታ የተባለው የከብት ወረርሽኝ የእርሻ በሬዎችን ስለፈጀ ዘር የተረፈውም ቢሆን የሚያርስበት አጥቷል። ዛሬ አየር የማያስገቡ ከረጢቶችም በጎተራ ምትክ ያገለግላሉ።