ያለ ደመወዝ የጠበቁ፤ የላስታ ደጋ አራዊትና አዕዋፍ

የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ መዝገብን ሲከፍት በመጀመሪያ ያሠፈራቸው ቦታዎች 12 ብቻ ነበሩ። ከነዚህ ሁለቱ የኢትዮጵያ ናቸው፤ አንደኛው የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት፣ ሁለተኛው የስሜን ብሔራዊ ፓርክ። ስሜን ስለ ተፈጥሮው ሲመዘገብ ላሊበላ የገባችው በሰው እጅ ሥራ ብቻ ነው። ሆኖም ከተማይቱ የቆመችበት የላስታ ደጋ ራሱ የአራዊትና የአዕዋፍ አገር ነው። የስሜን ዋልያ ደመወዝ የሚከፈለው የፓርክ ዘበኛ ሲያገኝ፣ የላስታ ቀይ ቀበሮ፣ ጭላዳና አሞራ ለረጅም ዘመን የኖሩት በባላገሩና በደብሩ ቸርነት ነበር።

በትውፊት እንደሚነገረው ላሊበላ በተወለደ ጊዜ ንቦች ከበቡት፤ እናቱም ንቦቹ ንግሥናውን ዐወቁ ስትል በአገውኛ ይህን ስም አወጣችለት። በቤተ ማርያም ከተሣሉት ጥንታዊ ሥዕሎች መካከልም ወፎች ይገኛሉ። ዛሬም በውቅሮቹ ግድግዳና በየገደሉ ስንጥቅ አንገተ ነጯ የደጋ ርግብ ትሰፍራለች፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በሌላ አገር አትገኝም። ምንቃረ ነጩ የገደል ወፍም እንደዚሁ የዚሁ ደጋ ተወላጅ ነው። ከበላያቸው ጥንብ አንሳው ይዞራል፤ ጢማሙ አሞራም አጥንቱን ከከፍታ ለቅቆ በዓለት ላይ ይሰብራል። ከከተማው በስተ ሰሜን በዋሻ ውስጥ የተሠራው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በጽድ ደን የተከበበ ነው። ይህ ደን የቆየው ስለ ወፍ ታስቦ አይደለም፤ የደብር ዛፍ መቁረጥ ነውርም ኃጢአትም ስለሆነ ነው። ወፉ በክብሩ ጥላ ሥር ተጠለለ ማለት ይቻላል።

ለአውሬ ማደሪያ የሚሆን መሬት በሕዝብ ሥርዓት ሲጠበቅ እንዴት እንደነበረ ለማየት ግን ከላስታ ወደ ደቡብ፣ ወደ መንዝ መውረድ ያስፈልጋል። ከ17ኛው ምእተ ዓመት ጀምሮ እንደቆየ የሚነገርለት የጓሳ አጠባበቅ ቄሮ ይባል ነበር። የአስቦና የጌራ ባለ አጽመ ርስቶች አባ ቄራ የተባለ አለቃ ይመርጣሉ፤ ጓሳው በተከታታይ ለሦስት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይዘጋል፤ ጉልበት ያለው ሁሉ በተራው ይጠብቃል፤ ከብቱን ያስገባ ወይም ሣሩን ያጨደ ይቀጣል። ጊዜው ሲደርስ ይከፈትና ቤቱን የሚከድንበትን፣ ገመዱን የሚገምድበትን ሣር ባለ ድርሻው ሁሉ ያጭዳል። እንግዲህ ይህ በዛሬው አነጋገር በጎ ፈቃድ ነውን? በትክክል አይደለም፤ ግዴታ ነበረበት። ነገር ግን ግዴታውን የጣለው ሕዝቡ በራሱ ላይ ነው፣ ጥቅሙም ወደ ራሱ ይመለስ ነበር። ቀይ ቀበሮውም አይጡን እያደነ፣ ጭላዳውም ሣሩን እየጋጠ በዚያው መሬት ኖሩ። የ1967ቱ የገጠር መሬት ዐዋጅ የርስትን ሥርዓት ሲሽር ቄሮም አብሮ ወደቀ። ዐዋጁ ለጭሰኛው ብዙ በጎ ነገር አምጥቶ ይሆናል፤ በጓሳው ላይ ግን ጠባቂውን ከሥልጣኑ ለይቶታል። ኋላ ነዋሪው እንደገና ተደራጅቶ ጓሳው የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኗል።

በከተማ የተጀመረው በጎ ፈቃድ ሌላ መልክ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1966 በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ተቋቋመ። አባሎቹ በትርፍ ጊዜያቸው ወፍ የሚመለከቱ፣ ያዩትን የሚመዘግቡ ሰዎች ሲሆኑ መጽሔታቸውንም «ዋልያ» ብለው ሰየሙት። ኤሚል ኧርባንና ሌዝሊ ብራውን እ.ኤ.አ. በ1971 የኢትዮጵያን አዕዋፍ ዝርዝር አሳተሙ። ማኅበሩም እ.ኤ.አ. በ1996 ለአዕዋፍ እጅግ አስፈላጊ የሆኑ 69 ቦታዎችን የያዘ መጽሐፍ አወጣ።

የተመልካች ዓይን ምን ያህል እንደሚጠቅም አንድ ትንሽ ወፍ ያስረዳል። ጆን አሽ እ.ኤ.አ. በ1976 በአንኮበር አጠገብ ሳይንስ የማያውቀውን ዘር በሊ ወፍ አገኘ፤ ነገሥታት በተቀመጡበት፣ መንገደኛ ሲመላለስበት በኖረ ገደል ላይ ማለት ነው። ለብዙ ጊዜ ከዚያ አካባቢ አይወጣም ተብሎ ከታመነ በኋላ ይኸው ወፍ ሩቅ ስሜን ላይ ታየ። በሁለቱ መካከል ያለው የወሎና የላስታ ደጋ ነው።

ከላሊበላ ከተማ በላይ ከፍ ብሎ የሚታየው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከባሕር ወለል ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የተደረገው ጥናት ቀይ ቀበሮ በሰሜን ወሎ ደጋ በጥቂት ቁጥር መኖሩን አረጋገጠ። በዓለም ላይ ያሉት ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያንሳሉ፤ ሁሉም በኢትዮጵያ ናቸው፣ በአራዊት ማሳያ ግቢ የሚኖር አንድም የለም። ከጮቄ ተራራ ጠፍተዋል። በሰሜን ወሎ እርሻው ከ3,500 ሜትር በላይ ወጥቶ የጓሳውን ጠርዝ እየበላ ሄዷል። ይህን በስስት መተርጎም ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ገብስ የሚዘራው ገበሬ ከታች መሬት ስላጣ ነው።

ከእርሻው ይልቅ በድንገት የሚገድለው ግን ከመንደር ውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1995 የተጀመረው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ውሾችን መከተብ ዋና ሥራው አድርጎታል፤ ከየአካባቢው ነዋሪም የቀይ ቀበሮ አምባሳደር የሚባሉ ሰዎች አውሬውን እየተከታተሉ ጎረቤቶቻቸውን ያስተምራሉ። የአቡነ ዮሴፍ ደጋም የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተደራጅቷል። ለገበሬው የተነገረው ተስፋ ቱሪስት አውሬውን ለማየት ይመጣል፣ ገንዘቡም ለመንደሩ ይተርፋል የሚል ነበር። ይህ ተስፋ እውነት ቢኖረውም ቀጭን ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 ጦርነቱ ላሊበላ ሲደርስ እንግዳው ቀረ፤ አስጎብኚውም በቅሎ አከራዩም ያለ ሥራ ተቀመጡ። የውሻው ክትባት፣ የጓሳው ድንበር፣ የቀበሮው ጉድጓድ ግን እንግዳ መጣም አልመጣም ሰው ይሻሉ። መርፌ የያዘ ባለሙያ ተራራው ላይ ቢደርስም ውሻውን ከደጁ ፈቶ፣ በገመድ ስቦ የሚያመጣው ያው ባለ በጉ ገበሬ ነው።