«ደጋ ነው ወይስ ቆላ?»፦ የኦርኪድ ታሪክና የአንድ ጥያቄ ዋጋ



ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወዳጄ ሲምቢዲየም የሚባል ድቅል ኦርኪድ በሸክላ ተክሎ አበረከተልኝ። ዘሩ ከእስያ መምጣቱን ስለ ሰማሁ ሙቀት የሚወድ መሰለኝ። ቆሼ በሚገኘው ቤቴ፣ የቆርቆሮው ጣሪያ ቀኑን ሙሉ በሚያግለው ክፍል ውስጥ፣ መስኮት ዘግቼ አኖርሁት። ቅጠሉ ለመለመ፤ አበባ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አላየሁበትም። አንድ ቀን እናቴ ትኩር ብላ አየችውና፣ «ልጄ፣ የዚህ አገሩ ደጋ ነው ወይስ ቆላ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ጥያቄ ነው።

በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የእንግሊዝ አትክልተኞች ተመሳሳይ ስሕተት ሠርተዋል። ከሞቃት አህጉራት የመጣ ኦርኪድ ሁሉ ሙቀትና እርጥበት ይሻል ብለው በከሰል በሚሞቁ የመስታወት ቤቶች ውስጥ አፈኑት። እጅግ ብዙ ተክል ሞተ። በወቅቱ ስመ ጥር የነበረው የዕፅዋት ሊቅ ጆን ሊንድሊም ይህንኑ የሙቀት አያያዝ ይመክር ነበር። በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ግን የሉክሰምበርግ ተወላጁ ዣን ሊንደን በቬንዙዌላና በኮሎምቢያ ተራሮች እየተዘዋወረ፣ ኦርኪዶቹ የሚበቅሉበትን ከፍታና የአየሩን ሙቀት መዘገበ። ብዙዎቹ የብርድ አገር ተክሎች ሆነው ተገኙ። ሊንድሊ ራሱ ይህን መረጃ በ1846 አሳተመ። በ1860ዎቹ ደግሞ ጄምስ ቤትማን የቀዝቃዛ ቤት አያያዝን በሰፊው አስተዋወቀ።

እኛ ዘንድ ይህ ዕውቀት በቋንቋችን ውስጥ ነበረ። ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ የሚሉት ቃላት ከፍታን፣ ሙቀትንና አዝመራን በአንድነት ይናገራሉ። ከዘቢዳር ተራራ እስከ ማረቆ የበርበሬ ማሳ የሚወርድ መንገደኛ፣ አንድ አገር አንድ አየር እንደሌለው በእግሩ ያውቀዋል።

የእኛም ኦርኪዶች በዚያው ዘመን ወደ አውሮፓ ተጉዘዋል። በ1839 ወደ አገራችን የመጡት ፈረንሳውያን ካርተን ዲሎንና አንቷን ፔቲ ዕፅዋት ሲሰበስቡ ሁለቱም ሕይወታቸውን አጥተዋል፤ አንዱ በወባ፣ ሌላው ዓባይን ሲሻገር በአዞ። የሰበሰቡትን አሺል ሪሻር ገለጸው። ዛሬ ኤራንጊስ ብራኪካርፓ የሚባለው ነጭ አበባ ያለው የዛፍ ላይ ኦርኪድ በሳይንስ የታወቀው በእርሱ መጽሐፍ ነው። ሆኖም ዛፉን ያሳዩት፣ መንገዱን የመሩት ያገር ሰዎች ስም በመዝገቡ ላይ እምብዛም አይገኝም። ስማቸው ሲቀር ዕውቀታቸውም አብሮ ይቀራል።

የድቅሎቹ ታሪክ ሌላ ምዕራፍ ነው። ጆን ዶሚኒ በቬይች የችግኝ ጣቢያ ያዳቀለው ኦርኪድ በ1856 አበበ። የመጀመሪያው ድቅል ሲምቢዲየም በ1889 ታየ፤ ወላጆቹም የእስያ ከፍተኛ ቦታዎች ልጆች ናቸው። ይሁንና የኦርኪድ ዘር እንደ አቧራ የደቀቀ፣ ስንቅ የሌለው በመሆኑ በቀላሉ አይበቅልም። ኖኤል ቤርናር በ1899 ዘሩ የሚበቅለው በፈንገስ ረዳትነት መሆኑን ደረሰበት፤ ሉዊስ ክነድሰን በ1922 በስኳርና በማዕድን ምግብ ያለ ፈንገስ ማብቀል እንደሚቻል አሳየ። ከዚያ ወዲህ ድቅሉ በብዛት ሊባዛ ቻለ፤ አበባ ወዳዱም ጫካ የሚያራቁትበት ምክንያት አነሰ።

እኔም እናቴን ሰምቼ ክረምቱ ሲወጣ ሸክላውን ከደጅ፣ ከአቮካዶው ሥር አወጣሁት። ጥላው ስስ ነበር፤ የጥቅምትና የኅዳር ሌሊት ቅዝቃዜ አገኘው። ሲምቢዲየም የአበባ ዘንግ እንዲያወጣ የሚቀሰቅሰው ብሩህ ቀንና ቀዝቃዛ ሌሊት ነው። በየካቲት አበበ።

ተማሪዎቼ፣ አገራችን ከ150 በላይ የኦርኪድ ዝርያዎች አሏት። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውና ባልደረቦቻቸው በ2004 የመስክ መመሪያ አሳትመውላቸዋል። በዛፍ ላይ የሚኖሩት ዛፉ ሲቆረጥ አብረው ይጠፋሉ። ስለዚህ የዱሩን ከዛፉ አታውርዱ፤ ለቤታችሁ ድቅሉ ይበቃል። ናሙና ስትሰበስቡም «ጉራጌ» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ከፍታውን፣ የዛፉን ዓይነት፣ ያሳያችሁን ሰው ስምም በፈቃዱ መዝግቡ። የእናቴን ጥያቄ በመስክ ማስታወሻችሁ የመጀመሪያ መስመር ላይ ጻፉልኝ።