የጓያ ሽባነት

የጓያ ሽባነት፣ በሕክምና አጠራሩ ኒውሮላቲሪዝም፣ ጓያን ዋና ምግቡ አድርጎ ለወራት የበላን ሰው የሚያሽመደምድ የነርቭ በሽታ ነው። የሚጎዱት ከአንጎል ተነሥተው በኅብለ ሰረሰር በኩል እግርን የሚያዝዙት ነርቮች ናቸው።

ጓያ በዋልካ መሬት፣ ክረምቱ ከወጣ በኋላ በቀረው እርጥበት ይበቅላል። በጎንደር አካባቢ ካለችው የማክሰኝት ከተማ በስተምዕራብ ያለው ደምቢያና በስተደቡብ ያለው ፎገራ በበሽታው ከሚታወቁት አካባቢዎች ናቸው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በዚህ አካባቢ ቤት ለቤት ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1990 ታትሟል።

መርዙ በፍሬው ውስጥ ያለ ኦዳፕ የተባለ አሚኖ አሲድ ሲሆን ዝናብ ሲያጥር መጠኑ ይጨምራል። ጤፉና ገብሱ በድርቅ ሲጠፋ የሚተርፈው ጓያ ከወትሮው የበረታ መርዝ ይዞ ይተርፋል፤ ድሃው ቤተሰብም የሚቀላቅልበት ሌላ እህል የለውም። ጎተራው ሳይራቆት እህል ቢደርስለት ኖሮ በበሽታው የተሽመደመደው ሁሉ ደህና በእግሩ ይሄድ ነበር።

ይበልጥ የሚጠቁት ወጣት ወንዶች ናቸው። እግራቸው ድንገት ይከብዳል፣ ይገተራል፤ ተረከዛቸው ከመሬት ይነሣል፣ ሲራመዱም እግሮቻቸው ይጠላለፋሉ። አንዱ በአንድ ዱላ፣ ሌላው በሁለት ይሄዳል፤ የባሰበት ይድሃል።

የጓያ ሽባነት ከሌሎቹ የነርቭ በሽታዎች ይለያል። አልዛይመርና ፓርኪንሰን በአብዛኛው በእርጅና መጥተው ከዓመት ዓመት ይብሳሉ፤ አልዛይመር ትውስታን ይነጥቃል፣ ፓርኪንሰን እንቅስቃሴን የሚያስተካክሉትን ዶፓሚን አመንጪ ሴሎች ይገድላል። ጓያ ግን አእምሮን አይነካም። ጉዳቱም አብዛኛውን ጊዜ ባለበት ይቆማል እንጂ አይድንም፤ መድኃኒት የሚያደርገው የእግሩን መገተር ማላላት ብቻ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቫፕኒያርካ ማጎሪያ ካምፕ ጓያ ተመግበው ሽባ የሆኑ አይሁድ እስረኞች ከአሥርት ዓመታት በኋላ ሲመረመሩ ግን፣ በአንዳንዶቹ ላይ ድክመቱ ብሶ ተገኝቷል። በዕድሜ የነርቭ ሴሎች ስለሚቀንሱ፣ ቀድሞ የተጎዳ ሰው መጠባበቂያው አነስተኛ ሳይሆን አይቀርም።

ጓያ ሲበስል የሚወጣው እንፋሎት ያሽመደምዳል የሚለው እምነት በየገጠሩ ተሰራጭቷል፤ ጉዳቱ የሚመጣው ግን ከመብላት ነው። ቆሎው፣ ንፍሮውና እሸቱ የበለጠ አደጋ አላቸው። ከእህል ጋር ተቀላቅሎ ሲበላና ሊጡ ሲቦካ አደጋው ይቀንሳል፤ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋትም መርዙን ያሳንሳል። ዋሲ የተባለ መርዙ ያነሰ ዝርያ በኢትዮጵያ ለገበሬው ተለቅቋል፤ ሆኖም ንቦች ከአካባቢው ጓያ ጋር ስለሚያዳቅሉት ንጹሕ ዘሩን በየጊዜው ማደስ ያስፈልጋል።