ጧሪና ተጧሪ፦ የአረጋውያን ራስን መቻል በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

«ጡረታ» የሚለው ቃል ዛሬ በብዙዎች አእምሮ የሚያመጣው ሐሳብ የመንግሥት ሠራተኛ በወሩ መጨረሻ የሚቀበለውን አበል ነው። ይሁን እንጂ የቃሉ ሥር ከገበሬው ቤት የሚርቅ አይደለም። «ጦረ» ማለት ወላጁን ወይም አሳዳጊውን በእርጅናው ዘመን መገበ፣ አለበሰ፣ ደገፈ ማለት ሲሆን፣ ይህን የሚፈጽመው ጧሪ፣ የሚፈጸምለትም ተጧሪ ይባላል። «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» የሚለው ምርቃት እንደሚያስረዳው፣ የአገሬው ሰው ከሞት ይልቅ የሚፈራው ሰው ማጣትን ነው። የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 በ1955 ዓ.ም. ሲወጣ ገበሬው በአዋጁ አልተካተተም። በ2003 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 715 የግል ድርጅት ሠራተኞችን ወደ ጡረታ ዐቅድ ሲያስገባም ገበሬው እንደገና ከውጭ ቀረ። እንግዲያውስ በአበል የማይኖረው የገጠር አረጋዊ ሲጦር የኖረው በምን ነው? ጕልበቱ ከከዳው በኋላ የራሱ ጌታ ሆኖ እስከ ዕለተ ሞቱ የቆየውስ እንዴት ነው?

ለዚህ ጥያቄ በምሥራቃዊው ደቡብ ጎንደር የሚገኙት ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ጥሩ ማስረጃ ናቸው። አገሩ ከጉና ተራራ ብርዳማ ደጋ ተነሥቶ፣ በነፋስ መውጫ፣ በመካነ ኢየሱስና በወገዳ አካባቢ ባሉት ከፍተኛ ቦታዎች አልፎ፣ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆዎች ይወርዳል። ማሳው ተዳፋት፣ ምንጩ ከሸለቆ ሥር፣ ገበያው ሩቅ በሆነበት በዚህ አገር እርጅና ከሌላው ቦታ ቀድሞ በጕልበት ላይ ይታወቃል።

ርስት በነበረበት ዘመን

እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ የአካባቢው የመሬት ይዞታ መሠረት ርስት ነበር። ርስት በአባትም በእናትም ወገን ከመጀመሪያው ባለ ርስት እየተቈጠረ የሚወረስ መብት በመሆኑ፣ የሽማግሌው ክንድ ቢዝልም መብቱ አይዝልም ነበር። ልጆቹን ሲድር ከእርሻው እየቈረሰ መስጠት የተለመደ ቢሆንም፣ አስተዋዩ ሽማግሌ ሁሉንም አከፋፍሎ አይጨርስም፤ የተወሰነ ማሳ ለራሱ ያስቀራል። የቀረው ማሳ ሁለት አገልግሎት ነበረው። አንደኛ፣ ለቀለቡ የሚሆን እህል ያስገኝለታል። ሁለተኛ፣ ማን እንደሚጦረው ለመምረጥ ያስችለዋል፤ የጦረው ልጅ ያንን ማሳ ተስፋ ያደርጋልና። ልጅ ያልወለደም የወንድሙን ወይም የእኅቱን ልጅ አስጠግቶ በዚሁ መንገድ ይጦር ነበር።

የጕልበት ልውውጡም ሥርዓት ይህንኑ ያጐላዋል። በወንፈል አንዱ ለሌላው የሠራለትን ቀን ያው ሰው በጕልበቱ መመለስ አለበት። ስለዚህ ያረጀ ሰው ከወንፈል ይወጣል። በጅጌ ግን የሚመለሰው ጕልበት አይደለም፤ ጠላና እንጀራ ነው። ጐተራው ያልጐደለ ሽማግሌ ጅጌ ጠርቶ እርሻውን ያሳርሳል፣ አዝመራውን ያሳጭዳል፤ ተካፋዮቹም ደግሶ ያበላቸው ባለቤት እንጂ የተረዳ ችግረኛ አድርገው አያዩትም። እህል ያለው አረጋዊና የሌለው አረጋዊ በዕድሜና በድካም እኩል ሆነው ሳለ፣ አንዱ ጋባዥ ሌላው ተመጽዋች የሚሆኑት በዚህ ምክንያት ነበር።

ሌላው መንገድ ምንኵስና ነው። የትዳር ጓደኛቸውን በሞት ያጡ ወይም ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ቆብ ጭነው አባ ወይም እማሆይ ተብለው በቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ ይኖራሉ። የትዳርና የቤት አስተዳደር ሸክም ከላያቸው ይወርዳል፤ ክብራቸው ግን ከፍ ይላል።

ሆኖም ያለፈውን ዘመን ማስዋብ ተገቢ አይሆንም። በአካባቢው ልማድ ሴት ሞፈር ስለማትጨብጥ፣ ርስት ያላት መበለት እንኳ የበሬና የወንድ እጅ ጥገኛ ነበረች። መሬት ያልነበረው ሸማኔ፣ ቀጥቃጭ ወይም አገልጋይ ደግሞ ለጧሪው የሚያስቀርለት ማሳ አልነበረውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጆች ችግረኛ ወላጆቻቸውን የመቀለብ ግዴታ እንዳለባቸው ደንግጓል፤ ኋላ የወጡት የቤተሰብ ሕጎችም ይህን ግዴታ ጠብቀውታል። ነገር ግን ልጁን ለመክሰስ ፍርድ ቤት የሚሄድ ወላጅ ከቀለቡ በፊት ስሙን የሚያጣ ይመስለዋልና፣ ሕጉ ከልማዱ ይልቅ የሠራበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ከአዋጁ በኋላ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ። አዋጁ አረጋውያንን አልዘነጋም። በመሠረቱ ቅጥር ሠራተኛ አስገብቶ ማሳረስን ቢከለክልም፣ ባለ ይዞታው የሞተ፣ የታመመ ወይም ያረጀ እንደሆነ ለትዳር ጓደኛውና አካለ መጠን ላላደረሱ ልጆቹ ልዩ አስተያየት አድርጓል። ከገበሬ ማኅበራት ተግባሮች አንዱም በእርጅና፣ በልጅነት ወይም በሕመም ምክንያት ማረስ ያልቻሉትን ሰዎች ይዞታ ማረስ እንዲሆን ደንግጓል። በዚህም ጡረታ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤተሰብ ወጥቶ የማኅበር ሥራ ሆኖ በሕግ ተጻፈ፤ ርስት ያልነበረውም ሽማግሌ የይዞታ ባለቤት ለመሆን ቻለ።

ይሁንና አዋጁ በአንድ እጅ የሰጠውን በሌላው ወስዷል። መሬት በሽያጭ፣ በስጦታ ወይም በኑዛዜ የማይተላለፍ ሲሆን፣ አረጋዊው «የጦረኝ ይውረሰኝ» የማለት ሥልጣኑን አጣ። ልጅም አባቱን ጦረም አልጦረም መሬት የሚያገኘው ከገበሬ ማኅበሩ ሆነ። አባትና ልጅን በማሳ ያስተሳሰረው ውል ሲላላ፣ የቀረው የፍቅርና የይሉኝታ ማሰሪያ ብቻ ነበር። በዚያ ላይ የገበሬ ማኅበራት ከግብርና ከኮታ ጋር የሽማግሌዎችን ማሳ በወቅቱ የሚያርሱበት በሬና ጊዜ አልተረፋቸውም።

በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በብዙ ወረዳዎች መሬት እንደገና ሲደለደል ደግሞ፣ «ቢሮክራት» ወይም «ቀሪ ፊውዳል» ተብለው የተመደቡ ሰዎች ይዞታ ከአራት ጥማድ፣ ማለትም ከአንድ ሄክታር እንዳይበልጥ ተደረገ። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሹመት የነበራቸው ሰዎች በዚያን ጊዜ በዕድሜ የገፉ በመሆናቸው፣ ድልድሉ ከብዙ ሽማግሌዎች ደጃፍ ደርሷል።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በክልሉ የተሰጠው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የተቋረጠውን ክር በከፊል መልሶ ቀጥሎታል። ደብተሩ የባልና የሚስትን ስምና ፎቶግራፍ በአንድነት ስለሚይዝ፣ መበለቲቱ ባሏ ሲሞት ይዞታዋን የምታስመሰክርበት ወረቀት በእጇ አለ። የክልሉ የመሬት አዋጅ ቁጥር 133 በ1998 ዓ.ም. ይዞታን ማከራየትን፣ በሕጉ ለተፈቀደላቸው ሰዎች በኑዛዜና በስጦታ ማስተላለፍን አረጋግጧል። ጕልበት ያጣ አረጋዊ ዛሬ መሬቱን ለእኩል ሰጥቶ ወይም አከራይቶ፣ የጦረውንም በኑዛዜ አስቦ ሊኖር ይችላል።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ላይ ጋይንትን፣ ታች ጋይንትንና ስማዳን ያቀፈ ሲሆን፣ መሥራት ለሚችሉ በማኅበረሰብ ሥራ፣ ለማይችሉ ደግሞ በቀጥተኛ ድጋፍ እህል ወይም ገንዘብ የሚሰጥ ነበር። በ2007 ዓ.ም. የተጀመረው አራተኛው ምዕራፍ ቋሚ ቀጥተኛ ድጋፉን በዓመት 12 ወር እንዲሰጥ ሲያደርግ፣ የማኅበረሰብ ሥራው ግን 6 ወር ነበር። ከታሪካዊው ጥያቄ አንጻር ግን አንድ ልዩነት ሊታለፍ አይገባም። ድጋፉ የሚመዘነው በቤተሰብ ነው። ሠሪ ጕልበት በሌለበት ቤት የሚኖር አረጋዊ በራሱ ስም ሲቀበል፣ ከጠንካራ ልጁ ጋር የሚኖረው ድርሻ በልጁ ሥራ በኩል ይመጣል። የድሮው ማሳ ሽማግሌው ከልጁ ጋር ሲኖርም የራሱ ነበር።

የቀረው ርቀት

እ.ኤ.አ. በ1963 አሜሪካዊው ሐኪም ሲድኒ ካትዝና ባልደረቦቹ የአረጋውያንን ራስን መቻል በስድስት ነገሮች መዘኑት፤ እነርሱም መታጠብ፣ መልበስ፣ መጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ ከመኝታ መነሣት፣ ሽንትና ዓይነ ምድርን መቈጣጠርና መመገብ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1969 ሎውተንና ብሮዲ የቤት ውስጥና የውጭ ጉዳዮችን፣ ይኸውም ምግብ ማዘጋጀትን፣ ገበያ መሄድን፣ ገንዘብ መያዝንና የመሳሰሉትን ጨመሩበት። ይህ መለኪያ በስማዳ ቢሠራበት ውሃ መቅዳትን፣ እንጨት መልቀምንና እህል ማስፈጨትን ማስቀደም ያሻዋል። ራሷን አጥባ፣ ለብሳና በልታ የምታድር የ80 ዓመት አሮጊት ከቤቷ የምትፈናቀለው ብዙውን ጊዜ እንስራዋን መሸከም ሲያቅታት ነው።

በዚህ ላይ የምሕንድስና ሥራ ድርሻ ግልጽ ነው። የሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ፣ ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም.፣ የገጠር ውሃ መመዘኛ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር በ1 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ነበር። ሁለት አረጋውያን ባልና ሚስት 50 ሊትር ለማግኘት በ20 ሊትር ጀሪካን ሦስት ምልልስ ያደርጋሉ። የውሃ ቦኖው በመመዘኛው ዳርቻ ከሆነ ምልልሱ 6 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ግማሹ ሸክም የተያዘበት፣ ምንጩ ከሸለቆ ሲሆንም አቀበት ነው። በሪፖርት «የንጹሕ ውሃ ተጠቃሚ» ተብለው የተመዘገቡት እነዚህ ሰዎች ተጠቃሚ የሚሆኑት ቀጂ ካላቸው ብቻ ነው። መመዘኛው ሲወጣ ሸካሚው ወጣት እንደሆነ ታስቦ ነበርና።

ሸካሚው ወጣት ደግሞ በየዓመቱ እየሳሳ ነው። ማሳው ለልጆች መከፈል ከማይችልበት ደረጃ ሲደርስ፣ ወጣቱ ወደ ሑመራና መተማ እርሻ፣ ወደ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ፣ እንዲሁም ወደ ዓረብ አገሮች ይሄዳል። ከሄደበት የሚልከው ገንዘብ ለወፍጮና ለመድኃኒት ይበቃ ይሆናል፤ ውሃ ግን አይቀዳም።

ከታሪኩ እንደሚታየው፣ በእነዚህ ወረዳዎች አረጋዊ ራሱን ቻለ የሚባለው ያለ ረዳት ሲኖር አልነበረም። ረዳቱን የሚመርጥበትና ውለታውን የሚመልስበት ነገር በእጁ ሲኖር ነበር። ርስቱ፣ የጅጌው ድግስ፣ የይዞታ ደብተሩና በራስ ስም የሚቀበሉት ድጋፍ ሁሉ የዚሁ ነገር ልዩ ልዩ መልኮች ናቸው። መሬትን መመለስ የመሐንዲስ ሥልጣን አይደለም፤ ርቀትን ማሳጠር ግን ነው። የምንጭ ጥናት የሚያደርግ ባለሙያ ከቤቶች ቍጥር ጋር ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን ቤት በካርታው ላይ ቢያመለክት፣ የቧንቧው መጨረሻ ከመንደሩ መካከል ሳይሆን ከደካማው ደጅ ቢለካ፣ ለመጸዳጃ ቤቱም መቀመጫና አንድ የእጅ መደገፊያ ቢጨመር፣ ወጪው ከጠቅላላው ሥራ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው። ለአሮጊቲቱ ግን በራሷ ጎጆ በመኖርና በሰው ቤት በመጠጋት መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው።